ሼፍ ከመሻማት ሼፍ ማፍራት፦ ለሆቴልና ሬስቶራንት ባለቤቶች ዝርዝር መመሪያ

አዲስ ሆቴል ሲከፈት ቀድሞ የሚደነግጠው የጎረቤት ሆቴል ነው። የሚደነግጠው ሼፌን ይወስድብኛል ብሎ ነው። አዲስ አበባም፣ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም ታሪኩ ይመሳሰላል። ባለሀብቱ ሕንፃውን ይጨርሳል፤ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ የኪችን ዕቃውን ያስገባል። ለምርቃቱ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ስልክ ያነሳል። «ጎበዝ ሼፍ ካወቅህ ጠቁመኝ» ይላል። ከዚያ ከአንዱ ቤት ደመወዝ ጨምሮ ያስመጣል። ሼፉ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ የሚተማመንባቸውን ልጆች አስከትሎ ነው። የተለቀቀው ቤት በማግስቱ ምሳ የሚያወጣለት ሰው ያጣል። እሱም በተራው ስልክ ያነሳል።

በዚህ ሁሉ ግርግር አንድም አዲስ ሼፍ አልተፈጠረም። ሰው ቦታ ቀየረ፣ ደመወዝ ጨመረ፣ በቃ። በዚያ ላይ ከጎበዞቹ የተወሰኑት ወደ ዱባይና ዶሃ ይሄዳሉ።

ትምህርት ቤት የለም ማለቴ አይደለም። የቱሪዝም ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት ስሙን እየቀያየረም ቢሆን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባለሙያ ሲያወጣ ኖሯል። በየክልሉ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ምግብ ዝግጅት ያስተምራሉ። ነገር ግን ተመራቂው ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ሞልቶ ትእዛዝ ሲደራረብ ምን እንደሚመስል ገና አላየም። ያንን የሚያስተምረው ሥራ ያለበት ኪችን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ኪችን የራሱን ሰው ማሠልጠን ካልጀመረ እጥረቱ አይቀንስም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያለው መካከለኛ ሆቴል ወይም ሬስቶራንት ያለው ሰው ከራሱ ኪችን ተነስቶ ሊሠራው የሚችል ነው። ቅደም ተከተሉን ባትዘሉት ጥሩ ነው።

እርምጃ 1፦ ሜኑውን ቀንሱ

ብዙ ሰው «ሜኑና የሼፍ እጥረት ምን አገናኘው?» ይላል። በጣም ይገናኛል። ሜኑው ላይ ፒዛ፣ በርገር፣ ላዛኛ፣ ክለብ ሳንድዊች፣ የአሳ ጉላሽ፣ ክትፎ፣ ዱለት፣ ተጋቢኖና ሌላም መቶ ዓይነት ምግብ ካለ፣ ያንን ሁሉ በትክክል የሚሠራ ሰው በገበያው ላይ የለም። ቢኖርም አትችሉትም። እጥረቱን ግማሹን የፈጠረው ሜኑው ራሱ ነው።

ከካሽ ሬጅስተሩ የሁለት ወር ሽያጭ አውጡ። አንዱ የፍስክ ወር፣ ሌላው የጾም ወር ይሁን። በጾም ወር ብቻ ከቆጠራችሁ ጥብሱ የማይሸጥ ይመስላችኋል፤ በፍስክ ብቻ ከቆጠራችሁ ደግሞ በየዓይነቱን ትጥላላችሁ። ከዚያ ምግቦቹን በሽያጭ ብዛት ደርድሩ። ከታች ያሉትን አንድ በአንድ እያያችሁ ጠይቁ፦ ይህ ምግብ ለብቻው የሚፈልገው ግብዓት አለ? ለብቻው የሚፈልገው ሙያስ? ሁለቱም ካለውና ካልተሸጠ ይውጣ። እኔን ብትጠይቁኝ መካከለኛ ሬስቶራንት ከ40 በላይ ምግብ ባይዝ ይሻለዋል። እንግዳ ቅር የሚለው የጠራው ምግብ «ዛሬ የለም» ሲባል ነው እንጂ ሜኑው አጭር ስለሆነ አይደለም።

እርምጃ 2፦ ማን ምን እንደሚችል በወረቀት አስፍሩ

አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰዱ። በግራ በኩል የኪችን ሠራተኞችን ስም በሙሉ ጻፉ፤ ዕቃ አጣቢዎችንም ጨምሩ። ከላይ የሥራ ክፍሎቹን ጻፉ፦ ቁርስ፣ ሰላጣና ሳንድዊች፣ የአገር ባህል ወጥ፣ ጥብስና ግሪል፣ ፓስታና ሶስ፣ ፒዛ፣ ስጋ ቤት፣ ፔስትሪ። በየሳጥኑ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ስጡ። 0 አይችልም፣ 1 ሲታገዝ ይችላል፣ 2 ብቻውን ይችላል፣ 3 ሌላውን ማስተማር ይችላል።

ቁጥሩን ከሼፉ ጋር ሆናችሁ ሙሉ፤ ከዚያ ሠራተኛውን ራሱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚገርም ነገር ይወጣል። ዕቃ የምታጥበው ልጅ ሌላ ቤት ቁርስ ትሠራ እንደነበር ማንም ጠይቋት አያውቅም። ስትጨርሱ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱ። 2 ወይም 3 ያለው አንድ ሰው ብቻ የሆነበት ክፍል የእናንተ ትልቁ አደጋ ነው። ያ ሰው ከታመመ ወይም ከለቀቀ ያ ክፍል ይዘጋል። ሥልጠናው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እርምጃ 3፦ ሙያውን ከሰው ጭንቅላት ወደ ካርድ አውርዱ

ይህ እርምጃ ከሁሉም የከበደውና ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። በእኛ አገር ኪችን ውስጥ ትልቁ ሙያ የተጻፈ አይደለም። ወጥ የሚሠሩት እናት በርበሬውን በእፍኝ፣ ዘይቱን በጭልፋ፣ መከለሻውን በጣት ጫፍ ነው የሚለኩት። ሃያ ዓመት የሠሩበት እጅ ነው፤ አይስትም። እሳቸው የሌሉ ቀን ግን ሽሮው ሌላ ሽሮ ይሆናል፤ እንግዳውም ያውቃል።

ታዲያ «ግራም ይጻፉልን» ብላችሁ አትጠይቋቸው። በዚያ መንገድ አይገኝም። ዲጂታል ሚዛን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁሙ። እንደለመዱት በእፍኛቸው ይዝገኑ። ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሳህን ላይ ያድርጉትና እናንተ መዝኑ። ይህንኑ ምግብ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ መዝናችሁ አማካዩን ያዙ። የሚረሱ ነገሮች አሉ፦

– ሽንኩርቱ የተመዘነው ከነልጣጩ ነው ወይስ ተልጦ? ልዩነቱ በትልቅ ድስት ላይ ብዙ ነው።
– ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ስንት ደቂቃ ተቁላላ? ዘይቱ የገባው ምን ዓይነት መልክ ሲይዝ ነው?
– በርበሬው ከገባ በኋላ ስንት ጊዜ ውኃ ጠብ ተደረገለት?
– ጨውና መከለሻው መቼ ገባ?
– ስንት ሰው ይመግባል? በየትኛው ጭልፋ ተጨልፎ?

ደቂቃ ብቻውን አይበቃም፤ እሳቱና ድስቱ ይለያያል። ስለዚህ በዓይን የሚታየውን ምልክትም ጻፉ። «ዘይቱ ከዳር ዳር ወጥቶ ሲታይ» የሚለው ከ«40 ደቂቃ» ይልቅ ለጀማሪ ይረዳል። ከተቻለ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ካርዱ አንድ ገጽ ይሁን፤ ላስቲክ ተለብጦ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቃችሁ። ሙያቸውን የሰጡዋችሁን እናት በዝምታ አትለፏቸው። ካርዱ ላይ ስማቸው ይጻፍ፤ ደመወዛቸው ይጨመር። ብዙ ሆቴል ውስጥ ነጭ ኮፍያ ያደረገው ወጣት «ሼፍ» ይባላል፤ የቤቱን ስም ያስጠሩት እናት ግን «ወጥ ሠሪ» ተብለው በትንሽ ደመወዝ ይኖራሉ። ይህ ፍትሕ አይደለም። እጅ ያለው ሰው ሙያውን እንዳይሰጥ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ከውጭ የመጣ አሠራር ካርድ ላይ ስትጽፉ ደግሞ ከፍታችንን አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የጣሊያን ፓስታ ማሸጊያው ላይ «9 ደቂቃ» ቢልም እዚህ ይበልጣል። ሽምብራና ባቄላም እንዲሁ። ኬክ ደግሞ በከፍታ ላይ ፈጥኖ ይነፋና መሀሉ ይሰምጣል፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር ማድረግ ይጠይቃል። ልጆቹ ይህን ካላወቁ ጥፋቱ የራሳቸው እየመሰላቸው ተስፋ ይቆርጣሉ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ያላችሁ ቦታችሁ ዝቅተኛ ስለሆነ ልዩነቱ ያንሳል።

እርምጃ 4፦ ሠልጣኝ ምረጡ

መጀመሪያ ቤታችሁ ውስጥ ፈልጉ። ዕቃ አጣቢዋና ሽንኩርት ላጩ የኪችኑን ሙቀት፣ ጩኸትና ሰዓት ችለውት ነው ያሉት። ከውጭ የሚመጣ ጀማሪ ቶሎ የሚለቀው ይህንን ስላልቻለ ነው። ከቤት ካልተገኘ አቅራቢያችሁ ወዳለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሂዱ። ኮሌጆቹ ተማሪዎቻቸውን ለትብብር ሥልጠና የሚልኩበት ድርጅት ሁልጊዜ ይፈልጋሉ። ብዙ ሆቴል ግን ተለማማጁን ተቀብሎ ጊዜውን ሁሉ ሽንኩርት ሲያስልጥ ይመልሰዋል። እንዲህ ከሆነ ባትቀበሉት ይሻላል።

ሲቪ ብዙ አይነግራችሁም። አንድ ሰዓት ስጡና እዩ። አንድ ኪሎ ካሮት እኩል አድርጎ ይክተፍ። ሁለት ሾርባ አቅምሱት፤ አንዱ ጨው የጎደለው ይሁን። ከዚያ የሠራበትን ጠረጴዛ እዩ። ሳይነገረው ካጸዳው ያዙት። ቢላ ይማራል፤ ሶስ ይማራል። የሚያጸዳ ባሕርይ ግን አምጡ ቢባል አይመጣም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይመደብም። የማታ ሺፍት ስታወጡ ይህን እዩ።

እርምጃ 5፦ የስድስት ወር ሥልጠና

ጊዜውን አስልታችሁ ጀምሩ። ደንበኛችሁ በአብዛኛው የከተማው ሰው ከሆነ ዐቢይ ጾም ትልቅ ዕድል ነው። ለ55 ቀን የግሪሉና የስጋው ክፍል ረገብ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ሰርጉና ድግሱ ይመጣል። ሥልጠናውን በኅዳር ከጀመራችሁ ከባዱ የአራተኛና የአምስተኛው ወር ልምምድ በአብዛኛው በጾሙ ውስጥ ይወድቃል፤ ልጁም የፋሲካ ሥራ ሲመጣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

በቀን ለትምህርት የሚሆነው ሰዓት ከምሳ በኋላና ከእራት በፊት ያለው ነው፤ ከ9 እስከ 10 ሰዓት። በሳምንት ሦስት ቀን በቂ ነው። አንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ።

የመጀመሪያው ወር ንጽሕናና ቢላ ነው። የፍሪጅ ሙቀት 5 ዲግሪና ከዚያ በታች፣ የፍሪዘር ከዜሮ በታች 18። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሀል ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ዶሮ መሀሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ጥሬ ስጋ የነካ መክተፊያ ሰላጣ አይነካም። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የምግብ ቴርሞሜትር ስጡትና መፈተን አስተምሩት፦ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ 0 ማሳየት አለበት። የሚፈላ ውኃ ውስጥ ግን አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ ቢያሳይ አልተበላሸም።

በእኛ ኪችን ውስጥ የማየው ትልቁ አደጋ ግን ትልቁ ድስት ነው። ማታ የተረፈው ወጥ ከነድስቱ ምድጃ ላይ ያድራል። ጠዋት ይሞቅና ይወጣል። ይህ መቅረት አለበት። የተረፈውን ወዲያው ሰፊና ጥልቀት በሌለው ትሪ ላይ ገልብጡት። በ2 ሰዓት ውስጥ ከ60 ወደ 21 ዲግሪ፣ በቀጣዮቹ 4 ሰዓታት ደግሞ ወደ 5 ይውረድ። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁ በር እንዳይከፈት፣ የጠፋበትም ሰዓት እንዲጻፍ አስለምዱ።

ሁለተኛው ወር ቁርስ ነው። ሠልጣኝን ከሁሉ በፊት እዚህ እንድታስገቡት እመክራለሁ። እንቁላል፣ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ፍርፍር፣ ገንፎ። ትእዛዙ ይደጋገማል፤ አንድ ልጅ በአንድ ጠዋት ብዙ ኦምሌት ይሠራል። ቢበላሽ የሚጣለው ሁለት እንቁላል ነው፤ ፊሌቶ አይደለም። የምጣድ ሙቀትን ማወቅ፣ ሁለት ሦስት ትእዛዝ አንድ ላይ መያዝ፣ ሳህን ማሞቅ፣ ሁሉም እዚያ ይገኛል።

ሦስተኛው ወር መሠረቶቹ ናቸው፦ ቁሌት፣ የአጥንት መረቅ፣ የቲማቲም ሶስ፣ ቤሻሜል (በቅቤ፣ በዱቄትና በወተት የሚሠራ ነጭ ሶስ)፣ ቅቤ ማንጠር፣ ዶሮን በወጉ በ12 ብልት ማውጣት። ብዙው ምግብ ከእነዚህ ነው የሚነሳው። ሠልጣኙ ካርዱን ይዞ ብቻውን ይሥራ፤ ሼፉ ቀምሶ ፊርማውን ያኑር።

በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ምድጃው ጋ ይቁም። መጀመሪያ ምሳ ላይ ብቻ፣ አንድ ክፍል ብቻ፣ አጠገቡ የሚያውቅ ሰው ቆሞ። የማታው ግርግር በኋላ ይደርሳል። ስድስተኛው ወር ዝውውር ነው። ቡፌ ያዘጋጅ፣ ዕቃ ይቀበል፣ የአንድ ሳህን ምግብ ዋጋ ያስላ። በርበሬና ቅቤ ሲወደድ ሳህኑ ላይ ምን እንደሚሆን የማያውቅ አብሳይ ግማሽ ባለሙያ ነው።

እርምጃ 6፦ ሼፉ ለማስተማር ምክንያት ይኑረው

«ካስተማርኩት ይተካኛል» የሚለው ፍርሃት እውነተኛ ነው። ብዙ ባለቤት ረዳቱ ሲለምድ ዋናውን በርካሹ ቀይሯል። ሼፎች ይህን አይተዋል። ስለዚህ ሶሱን ብቻቸውን ገብተው ይሠራሉ፤ ቅመሙን ከቤት ቀላቅለው ያመጣሉ። በቁጣ አይፈታም።

ማስተማሩን የሥራ ውሉ ውስጥ አስገቡት፤ ክፈሉበትም። አንድ ሠልጣኝ አንድ ክፍል ብቻውን መያዝ ሲችል ለሼፉ ጉርሻ ይሰጠው። ሌላው ሰው ሲያድግ እሱም እንደሚያድግ ይይ። ከኮሚ (ጀማሪ አብሳይ) እስከ ሱ ሼፍ (ምክትል ሼፍ) ያለው የእድገት መሰላልና የየደረጃው ደመወዝ ተጽፎ ይለጠፍ። የሚጮህና ዕቃ የሚወረውር ሼፍ ካላችሁ ግን ሠልጣኝ አትስጡት፤ ምግቡ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ።

እርምጃ 7፦ ያፈራችሁትን አታባርሩ

ሰው የሚለቀው በደመወዝ ብቻ አይደለም። አስተናጋጁ ቲፑን ይዞ ይገባል፤ ምድጃው ፊት የቆመው ባዶ እጁን። ሰርቪስ ቻርጅ የምታስከፍሉ ከሆነ ኪችኑም ድርሻ ይኑረው። በአዋጁ መደበኛው ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። የኪችን ሰው በዓልን ከቤተሰቡ ጋር አያከብርም፤ ቢያንስ ይህችን አትንፈጉት። ሳህን በተሰበረ ቁጥር ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ ወይም ያለ ሌላ ሕጋዊ መሠረት ከደመወዝ መቁረጥም ሕገ ወጥ ነው።

የሌሊት ሰርቪስ አዘጋጁ። ሴት ልጅ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ታክሲ ስትፈልግ እያመሸች ሙያ ትቀጥላለች ማለት ዘበት ነው። የሠራተኛ ምግብም ሰው የሚበላው ይሁን።

የትምህርት ማስረጃ ይዞ ማስቀረት የሚባል ልማድ አለ። ተዉት። መሄድ የሚፈልግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ሰጥቶ በሰላም ይሂድ፤ የልምድ ማስረጃውም በወቅቱ ይሰጠው። ዱባይ የሄደ ልጅ በክብር ከተሸኘ ሲመለስ መጀመሪያ የሚደውለው ለእናንተ ነው።

እርምጃ 8፦ በሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አስመዝኗቸው

በሥራ የተማረ ሰው ወረቀት ስለሌለው እንደ አላዋቂ ይቆጠራል። በሥራ ልምድ ያደገ ሰውም የሙያ ብቃት ምዘና መውሰድ ይችላል። ክፍያውን እናንተ ቻሉ። ወጥ የሚሠሩትን እናትም መዝግቧቸው። «ወረቀት ከያዘ ይሄድብኛል» የሚል ይኖራል። አንዳንዱ ይሄዳል። የሚቀረው ግን ይበዛል፤ ያከበረውን ቤት ሰው በቀላሉ አይለቅም።

እርምጃ 9፦ ከጎረቤት ጋር ተባበሩ

በአንድ ከተማ ያላችሁ ሦስት አራት ሆቴሎች በጋራ ማድረግ የምትችሉት አለ። የእናንተ ፔስትሪ ደካማ ከሆነ ሠልጣኙን ለሁለት ሳምንት እነሱ ጋ ላኩት፤ እነሱ ደግሞ የወጥ ልጃቸውን ይላኩ። የአሠልጣኝ ሼፍ ወጪ ተካፍላችሁ በወር አንዴ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ሠራተኛ እንዳይንቀሳቀስ መዋዋል ግን ተገቢ አይደለም። የምትስማሙበት አንድ ነገር ይበቃል፦ ማስጠንቀቂያ ጊዜውን ያልጨረሰ ሰው እንዳትቀበሉ።

እርምጃ 10፦ ሼፉን ፈቃድ አስወጡና ፈትሹ

በስድስት ወሩ መጨረሻ ዋናው ሼፍ የዓመት ፈቃዱን ይውጣ። ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ስልክ ሳይደወልለት። በእነዚያ ቀናት ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ተመልሶ የመጣ ሳህን፣ ከ25 ደቂቃ በላይ የዘገየ ትእዛዝ፣ «የለም» የተባለ ምግብ። የትኛው ክፍል ላይ እንደተከማቸ እዩ። ሼፉ ሲመለስ ወረቀቱን አብራችሁ አንብቡት፤ በእርምጃ 2 የሞላችሁትን ሰንጠረዥም አውጡና ቁጥሮቹን አስተካክሉ። 2 የተሰጠው ክፍል 1 ሆኖ ከተገኘ፣ የሚቀጥለው ሠልጣኝ የሚገባው እዚያ ነው።